ከንቲባና ማዘጋጃ ቤት፤ ገበሬውን ምን አገባው?

የጎንደርን ገበያ የማያውቅ የአካባቢው ገበሬ ጥቂት ነው። ከወገራና ከአርማጭሆ፣ ከደንቢያና ከጭልጋ እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ በጉና ፍየሉ ወደ ጎንደር ይገባል። ጨው፣ ሳሙና፣ ልብስና የማረሻ ብረት ተገዝቶ ይመለሳል። በሽተኛ ለሕክምና፣ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት፣ ባለጉዳይ ለአቤቱታ ወደ ከተማዋ ይመጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የከተማው አስተዳደር ምን እንደሚሠራ በውል አያውቅም። «ከንቲባ የከተሜ ሹም ነው፤ እኛን ገበሬዎችን ምን አገባን?» ይላል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የከንቲባው ሥልጣን በከተማው ወሰን ላይ ያበቃል፤ የከተማው ኑሮ ግን በወሰኑ ላይ አያበቃም። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከገጠር ይመጣል። ከከተማዋ የሚወጣው ቆሻሻ ወደ ገጠር ይወርዳል። ከተማዋ ስትሰፋም የምትሰፋው በገበሬው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የከንቲባ ጽሕፈት ቤት በደንብ ቢሠራ ገበሬው ይጠቀማል፤ ባይሠራ ገበሬው ይጎዳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን ተማሪዎች ይህንኑ በዝርዝር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከንቲባ ማን ነው?

ከንቲባ የሚለው ቃል የቆየ ማዕረግ ነው። ድሮ የደንቢያ ገዥ ከንቲባ ይባል ነበር። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ የጎንደርም ሹም በዚሁ ስም ተጠራ። ለምሳሌ በውጭ አገር የተማሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። ያን ጊዜ ከንቲባን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሡ ነው። ሕዝቡ አይጠየቅም ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። በዚያ አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ የሚመሩ ከተሞች ተብለው ከሌሎቹ ተለይተው ተጻፉ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የቀበሌ ማኅበራትም ተቋቋሙ። በ1996 ዓ.ም. የአማራ ክልል ከተሞቹ የሚደራጁበትን አዋጅ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ነዋሪው የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል። ምክር ቤቱ ደግሞ ከአባላቱ መካከል ከንቲባውን ይመርጣል። ከንቲባው ስለ ሥራው ለምክር ቤቱና ለክልሉ መንግሥት መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። እንግዲህ በሕጉ ከንቲባ ጌታ አይደለም፤ በአደራ የተቀመጠ ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሏል። የአሁኑ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ደባርቅ ነው። የምዕራብ ጎንደር መቀመጫ ገንዳ ውኃ ነው። የማዕከላዊ ጎንደር ዞን መቀመጫ ጎንደር ናት፤ ሆኖም ጎንደር የራሷ የከተማ አስተዳደር አላት። ስለዚህ የዳባት ገበሬ ስለ እርሻ መሬቱ ለመጠየቅ ወደ ጎንደር ከንቲባ ቢሄድ በከንቱ ይደክማል። የእሱ ጉዳይ ያለው በወረዳው ነው። በጎንደር ገበያ ስለተጠየቀው ክፍያ ግን የሚጠይቀው የጎንደርን አስተዳደር ነው። የትኛው ቢሮ የትኛውን ጉዳይ እንደሚይዝ ማወቅ የመንገድና የስንቅ ድካም ያድናል።

የጽሕፈት ቤቱ ሥራ

ከንቲባው ራሱ መንገድ አይጠርግም፤ ቧንቧም አይጠግንም። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ሥራው ማቀድ፣ የቱ ይቅደም ብሎ መወሰን፣ ቢሮዎችን ማስተባበርና መቆጣጠር ነው።

የከተማ አስተዳደር ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው የማዘጋጃ ቤት ሥራ የሚባለው ነው። የውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ የገበያ ቦታ፣ ቄራ፣ የቆሻሻ ማንሣት፣ የእሳት አደጋ መከላከያና ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው እንደ ማናቸውም ወረዳ የሚሠራው የመንግሥት ሥራ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ግብርና ጸጥታ የመሳሰሉት ናቸው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕላን አለ። ገበሬ ክረምት ሳይገባ ይህ ማሳ ለጤፍ፣ ያኛው ለገብስ፣ ያ ተዳፋት ለግጦሽ ብሎ ይወስናል። ሳይወስን ዝናብ ከደረሰበት ሥራው ይምታታል። ከተማም እንዲሁ ነው። ይህ ቦታ ለመኖሪያ፣ ይህ ለገበያ፣ ይህ ለፋብሪካ፣ ይህ ለዛፍ ተብሎ አስቀድሞ መለየት አለበት። ፕላን ሳይኖር ቤት ከተሠራ መንገድ ማለፊያ ያጣል፤ ጎርፍም መውረጃ ያጣና ከሰው ቤት ይገባል።

ፕላን የሚያስፈልገው ሕዝቡ ስለሚበዛ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 112,249 ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 207,044 ሆኖ ተገኘ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ከገጠር የሄዱ የእናንተው ልጆችና ዘመዶች ናቸው። አንድ ምጣድ ለአምስት ሰው ይበቃ የነበረ ቤት አሥር ሰው ቢመጣበት ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከንቲባ ከኪሱ አይከፍልም። የከተማው ገንዘብ የሚመጣው ከነጋዴ ግብር፣ ከገበያና ከሱቅ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ፣ ከቦታ ሊዝና ከክልሉ ከሚሰጥ በጀት ነው። ሊዝ ማለት የመንግሥት የሆነውን የከተማ ቦታ ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መስጠት ነው። ስለ ሊዝ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ግብር ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የሊዝ ገንዘብ ግን ቶሎ ይመጣል። ገንዘብ የቸገረው አስተዳደር ቶሎ ወደሚመጣው ያደላል። ይኸ ደግሞ ዘር እንደመብላት ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ዛሬ ይጠግባል፤ በሰኔ ግን የሚዘራው ያጣል። ቦታ አንዴ ከተሰጠ በኋላ በቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ጥሩ ከንቲባ የሚታወቀው ብዙ ቦታ በመስጠቱ አይደለም። ዓመት በዓመት የሚገባውን ገንዘብ ያለ አድልዎ ሰብስቦ፣ ለተሰበሰበበት ሥራ በማዋሉ ነው።

ጎንደር ሌላም የገቢ ምንጭ አላት። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ገብቷል። እንግዳ ሲመጣ ሆቴሉ እንቁላልና ቅቤ፣ በግና ዶሮ ከገበሬው ይገዛል። ነገር ግን እንግዳ ሰላም ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ዘጉት። እንግዳው ሲቀር የከተማው ካዝናም የገበሬው መቀነትም አብረው ሳሱ።

ትልቁ ችግር፤ ውሃ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ይህ ተረት ለጎንደር የተነገረ ይመስላል። ጣና ያህል ሐይቅ በአቅራቢያዋ እያለ ከተማዋ ለብዙ ዓመታት በውሃ እጥረት ስትቸገር ኖራለች። በየሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ይለቀቃል፤ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ።

ለምን ይሆን? ጎንደር ያለችው በተራራ ላይ ነው። ጣና ከከተማዋ በ300 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ውሃ በራሱ ዳገት አይወጣም። በሞተር መገፋት አለበት፤ ሞተር ደግሞ መብራትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተማዋ ስትተማመን የኖረችው በአቅራቢያዋ ባለው በአንገረብ ግድብና በጉድጓድ ውሃ ነው።

ጎንደር የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል ነው። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ። አፄ ፋሲልም የመዋኛውን ገንዳ ያሠሩት ከቀሃ ውሃ እንዲሞላ አድርገው ነው። አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ ለከተማዋ ይሰጣል። ነገር ግን ግድቡ በደለል እየተሞላ ተቸገረ።

ደለል ከየት መጣ? መልሱን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከግድቡ በላይ ያሉት ተራሮች ተመንጥረዋል። ተዳፋቱ ሳይቀር ይታረሳል። ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ እርቃኑን የቀረውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ጎርፉ የሚቀላው አፈር ስለተሸከመ ነው። ግድቡ ጋ ሲደርስ ውሃው ይቆማል፤ የቆመ ውሃ አፈር መሸከም አይችልም፤ አፈሩም ወደ ታች ይዘቅጣል። እንዲህ ሲሆን ዓመት በዓመት የውሃው ቦታ በአፈር ይያዛል። አሥር እንስራ ይይዝ የነበረ ጋን ግማሹ ጭቃ ቢሞላበት አምስት እንስራ ብቻ ይይዛል።

ልብ በሉ፤ አንዱ አፈር ሁለት ቤት ይጎዳል። ከማሳው ሲሄድ ገበሬውን ያስርበዋል። ግድቡ ውስጥ ሲተኛ ከተሜውን ያስጠማዋል። መፍትሔውም ለሁለቱም አንድ ነው። እርከን መሥራት፣ ተዳፋቱን በዛፍና በሣር መሸፈን፣ ከብት ከመልቀቅ ይልቅ ሣሩን አጭዶ ማብላት ነው።

አንድ ገበሬ ግን እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ «እኔ ግጦሼን ዘግቼ፣ ጉልበቴን ጨርሼ፣ ከተሜው ንጹሕ ውሃ ቢጠጣ ለእኔ ምን ይተርፈኛል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስም ሊያገኝ ይገባዋል።

ሌላ አገር እንዴት እንደመለሱት እንንገራችሁ። በአሜሪካ ኒውዮርክ የምትባል እጅግ ትልቅ ከተማ አለች። የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ሩቅ ካሉ ተራሮች ነው። በተራሮቹ ላይ ላም የሚያረቡ ገበሬዎች ይኖራሉ። ፋንድያው በጎርፍ ታጥቦ ወደ ውሃው ይገባ ነበር። የከተማው አስተዳደር ሁለት ምርጫ ነበረው፤ በብዙ ገንዘብ ትልቅ የውሃ ማጣሪያ መሥራት፣ ወይም ከገበሬዎቹ ጋር መስማማት። በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ከገጠሩ ቀበሌዎች ጋር ውል ተፈራረመ። ከተማው ገንዘብ ከፈለ፤ ገበሬዎቹ ከወንዙ ዳር አጥር አጠሩ፣ ፋንድያውን በአግባቡ አከማቹ። ገበሬው ከእርሻው አልተነሣም፤ ከተማውም ማጣሪያ ከመሥራት ወጪ ዳነ።

እኛ ኒውዮርክን ያህል ገንዘብ የለንም። ትምህርቱ ግን ይበቃናል። ከተማ ውሃ ከፈለገ ውሃው የሚመነጭበትን ሰው አክብሮ ማነጋገር አለበት። ይህም ለከንቲባ ከባድ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ተራራው ያለው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ከንቲባው የገጠሩን ገበሬ ማዘዝ አይችልም። ከወረዳውና ከዞኑ ጋር ተነጋግሮ፣ ችግኝ፣ የመኖ ዘር፣ የእጅ መሣሪያና የድካም ዋጋ አቅርቦ መስማማት ብቻ ነው የሚችለው።

ለጎንደር የመጠጥ ውሃና ለደንቢያ መስኖ ይሆናል ተብሎ በመገጭ ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ መሠራት ከተጀመረ ቆይቷል፤ ከታሰበው ጊዜም እጅግ ዘግይቷል። ይህም ግድብ ቢሆን ከላይ ያለው ተራራ ካልተጠበቀ ዕጣው የአንገረብ ዕጣ ነው። አዲስ ጋን ቢገዙ ጭቃው ካልተከለከለ ምን ይረባል?

ከከተማው በታች ያለው ገበሬ

እስካሁን ያነሣነው ከከተማው በላይ ያለውን ገበሬ ነው። በታች ያለውስ? አንገረብና ቀሃ ከተማዋን ካለፉ በኋላ ወደ መገጭ ይገባሉ። መገጭ በደንቢያ ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል። በከተማው የተጣለ ላስቲክ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የሳሙና ውሃ ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ያን ውሃ የደንቢያ ከብት ይጠጣዋል፤ የደንቢያ ልጅ ይታጠብበታል።

ጣና ላይ እምቦጭ የሚባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ መገጭ በሚገባበት አካባቢ ታየ። ከዚያ በኋላ ሰፋ፤ ዓሣ አጥማጁንም ባለከብቱንም አስቸገረ። እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳ በታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ በወረደ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ የከተማው የቆሻሻ ሥራ የከተማው የግል ጉዳይ አይደለም። ቆሻሻ በወቅቱ ካልተነሣ፣ ፍሳሽም በተዘጋጀለት ቦታ ካልተጠራቀመ ዕዳው የሚከፈለው ደንቢያ ላይ ነው። የደንቢያ ገበሬ የጎንደርን ከንቲባ አይመርጥም። ነገር ግን በወረዳው በኩል «ውሃችንን አታበላሹብን» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ከተማ ሲሰፋ መሬቱስ?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ከተማው ሲሰፋ ዳር ያለው ገበሬ መሬቱን ሊለቅ ይችላል። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ግን በይዞታው የመጠቀም መብት አለው፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቅም ካሳ ይገባዋል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት ገቢው ተደምሮ አማካዩ በአሥር እንዲባዛ ደነገገ። ብዙ ገበሬ ገንዘቡ አልበቃኝም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ከፍ አደረገው፤ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ ከሦስቱ ዓመት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በአሥራ አምስት ይባዛል። ለምሳሌ ከፍተኛው ገቢ 20,000 ብር ቢሆን 20,000 በ15 ሲባዛ 300,000 ብር ይሆናል። በመሬቱ ላይ ያለው ቤትና ዛፍ ለብቻው ይገመታል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ከመስማማት በፊት በሥራ ላይ ያለውን አንቀጽ አስመጥቶ ማንበብ ይገባል።

ከንቲባውም እዚህ ላይ ይፈተናል። አንድ ቤተሰብ በእርሻ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ የኖረበትን መሬት ሰጥቶ ገንዘቡን በሁለት ዓመት ቢጨርስ፣ ከተማው ያተረፈው አዲስ ድኃ ነው። ስለዚህ ካሳ መክፈል ብቻ አይበቃም። ለሚነሣው ገበሬና ለልጆቹ ሙያ፣ የሥራ ቦታና መኖሪያ አብሮ መታሰብ አለበት።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ማንበብ የቻለ ሰው የሚከተሉትን ያድርግ።

1. በገበያም ሆነ በቢሮ ገንዘብ ሲከፍል ደረሰኝ ይጠይቅ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከከፈለው ጋር አንድ መሆኑን ያንብብ። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ ወደ ከተማው ካዝና ለመግባቱ ማስረጃ የለም።

2. የይዞታ ደብተሩን በደኅና ቦታ ያስቀምጥ። በየዓመቱ ያመረተውንና የሸጠውን በደብተር ይጻፍ። ካሳ የሚሰላው በገቢ ስለሆነ ያልተጻፈ ገቢ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል።

3. ያላነበበው ወረቀት ላይ አይፈርም፤ ጣቱንም አያሳርፍ። ለማንበብ ካስቸገረው የሚያነብለት ሰው ይፈልግ። ቅሬታ ካለው ደግሞ በጽሑፍና በጊዜው ያቅርብ፤ ቅሬታ የቀን ገደብ አለውና።

4. ስለ ተፋሰስ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ከተማ ፕላን ስብሰባ ሲጠራ አይቅር። ሴቶችም ይምጡ፤ ውሃ ቀጂዋ ስለ ውሃ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ስብሰባው ላይ የተወሰነው ነገር በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ተነቦም ይሰማ።

5. እርከኑን ለከተሜው ብሎ ሳይሆን ለራሱ አፈር ብሎ ይሥራ። ከከተማው የሚገባውን ድጋፍ ግን ከመጠየቅ አይቦዝን።

ጥያቄዎች

ሀ. የከንቲባው ሥልጣን የት ላይ ያበቃል? የከተማው ኑሮስ?

ለ. በእናንተ ቀበሌ የሚታጠበው አፈር የት ይደርሳል? ወንዙን ተከትላችሁ ተናገሩ።

ሐ. የአንድ ገበሬ ከፍተኛ የዓመት ገቢ 16,000 ብር ቢሆን፣ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ስሌት ስንት ብር ይሆናል? በደብተራችሁ አስሉ።

መ. ከተማው ውሃችሁን ቢፈልግ በምላሹ ምን ትጠይቃላችሁ? ተወያዩና የተስማማችሁበትን ጻፉት።